ፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ አላነብ ሲል፦ ማጽዳት፣ ሌንስ መቀየር ወይስ ወደ ፍላሽ መዞር?

ልጅ ሳለሁ የምንጫወትበት ጌም ቤት ሦስት ፕሌይስቴሽን 2 ነበረው። አንዱ እንደማንኛውም ማሽን ተኝቶ ይሠራል። ሁለተኛው በጎኑ ካልቆመ አያነብም። ሦስተኛዋ ቀጭኗ ናት፤ ሲዲው ከገባላት በኋላ ተገልብጣ ሆዷ ወደ ላይ ካልሆነ ጨዋታ አትከፍትም። ባለቤቱ የሦስቱንም ጠባይ በቃሉ ያውቃል። እኛ ደግሞ አስማት ይመስለን ነበር።

አስማት አይደለም። ማሽኑ ሲገለበጥ ካነበበ ሌንሱ አልሞተም ማለት ነው። የደከመው ሌንሱን የሚሸከመው ነው፤ የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ የሚገፋው ጥርስ፣ ወይም ሲዲውን መሃሉ ላይ ይዞ የሚያሽከረክረው። ግን ያንን ማሽን ይዛችሁ ጥገና ቤት ብትሄዱ የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሌንስ ይቀየር»። እኔም አምኜ ሁለቴ ከፍያለሁ። አንዱን ጊዜ ያለ ምክንያት ነበር።

አማራጮቹን አንድ በአንድ ላወዳድር። በፊት ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ «ሲዲ» ስል እንደ ልማዳችን ዲቪዲውንም ጭምር ነው፤ ልዩነቱ ሲያስፈልግ ለይቼ እጠራዋለሁ። ሁለተኛ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ገበያ ላይ የወጣው በማርች 2000 ነው፤ ሶኒ ማምረት ማቆሙ የተነገረው በ2013 መጀመሪያ ላይ። እጃችሁ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ብትሆን እንኳ አርጅታለች። ስለዚህ እንደ አዲስ ዕቃ አትፍረዱባት።

ከጀርባው ያለው ቁጥር

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን አንብቡ። በወፍራሙ ከኋላ ነው፤ በቀጭኑ ከሥር። «ኤስሲፒኤች» ከሚለው ቀጥሎ አምስት አሃዝ አለ። በ3 ወይም በ5 ከጀመረ፣ ማለትም 30000 ወይም 50000 ቤት ከሆነ፣ ወፍራሙ ነው፤ ከኋላው ሃርድ ዲስክ የሚገባበት ትልቅ ክፍት ቦታ አለው። በ7 ከጀመረ በ2004 መጨረሻ የመጣው ቀጭን ነው፤ ቻርጀሩ ውጪ ነው። በ9 ከጀመረ የመጨረሻው ቀጭን ነው፤ ቻርጀሩ ሆዱ ውስጥ ተገጥሞ ገመድ ብቻ ነው የሚሰካው። የመጨረሻው አሃዝ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ነው የሚናገረው። ለዛሬው ጉዳይ አያስፈልገንም።

ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። የትኛው አማራጭ እንደሚያዋጣችሁ ግማሹን የሚወስነው እሱ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሦስት ሲዲ አዘጋጁ። አንዱ ኦሪጅናል የዲቪዲ ጨዋታ ይሁን፤ ሥሩ ብርማ ነው። ሁለተኛው ሥሩ ሰማያዊ የሆነ ጨዋታ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ጨዋታዎች በሲዲ ነበር የሚወጡት። ሰማያዊው ከጠፋ የሙዚቃ ሲዲም ይሠራል። ሦስተኛው ማሽኑ ቺፕ (ኮፒ ጨዋታ እንዲቀበል ውስጡ የሚበየድ ዕቃ) ካለው ኮፒ የተደረገ ጨዋታ፣ ከሌለው ደግሞ የፊልም ዲቪዲ።

ለምን ሦስት? ሌንስ የምንለው ዕቃ በአንድ ዓይን ሁለት ዓይነት ብርሃን ነው የሚልከው። ለዲቪዲ 650 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃን፣ ለሲዲ ደግሞ 780 ናኖሜትር የሆነ ዓይን የማያየው። አንዱ ሊሞት ሌላው ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ዲቪዲ እያነበበ ሰማያዊውን ጭራሽ አላውቀውም ካለ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ነገሩ ቆሻሻ ላይሆን ይችላል። ቆሻሻ ቢሆን ሁለቱንም ያስቸግር ነበር። እዚህ ላይ ጥጥና አልኮል ይዞ መድከም ብዙም አይጠቅምም።

ኦሪጅናሉን እያነበበ ኮፒውን እምቢ ካለ ደግሞ ሌላ ነው። ኮፒ የተደረገ ሲዲ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቀው ፋብሪካ ከታተመው ባነሰ ነው። የደከመ ወይም የቆሸሸ ሌንስ መጀመሪያ የሚሸነፈው በሱ ነው። «ኮፒ ሲዲ ሌንስ ይበላል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እንደኔ ኮፒው ሌንሱን አይበላውም፤ ያጋልጠዋል እንጂ። መጀመሪያ ሌንሱን አጽዱ። ከዚያ ያንኑ ጨዋታ በተሻለ ባዶ ዲቪዲ ላይ፣ በዝግታ አስቀዱትና ሞክሩ።

ጨዋታው በደንብ ተከፍቶ መሃል ላይ የሚቆምስ? ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። ሌንሱ ሐዲዱ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። ሐዲዱ ላይ ያለው ግሪስ ከደረቀ ወይም አቧራ ከያዘ ቦታው ሲደርስ ይይዘዋል። ካልቾ ስትጫወቱ ሁልጊዜ አንድ ስታዲየም ሲጫን ብቻ ቀጥ የሚል ከሆነ፣ ወይ ሲዲው እዚያች ቦታ ተጭሯል ወይ ሐዲዱ ደርቋል። ሌላ ሲዲ ሞክሩ፤ ያኔ ይለያል።

ሲዲው ጭራሽ የማይዞር ከሆነ በተለይ በቀጭኗ መጀመሪያ ክዳኑን ጠርጥሩ። ክዳኑ ሲዘጋ የምትጫን ትንሽ ማብሪያ አለች። እሷ ከተሰበረች ማሽኑ ክዳኑ ክፍት ይመስለዋል፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለዚህች ሌንስ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

እየዞረ ሽሽሽ የሚል የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ወዲያው አጥፉት። ሲዲውን ገልብጣችሁ እዩ። ክብ ሆኖ የዞረ ጭረት ካለ፣ ቀጭኗ ውስጥ ከሌንሱ የሚወጣው ጠፍጣፋ ገመድ ተነስቶ ሲዲውን እየነካው ነው። ይህ የቀጭኖቹ የታወቀ በሽታ ነው። ገመዱን ወደ ታች አስተኝቶ በትንሽ ቴፕ መያዝ ይበቃል። ዋናው ኦሪጅናሎቻችሁን ከመጨረሱ በፊት መድረስ ነው።

ሲዲውን ማዳን

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ ውሃ፣ ካስፈለገ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና። የምትጠርጉት ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ነው፤ በክብ አይደለም። ንባቡ በክብ ስለሚሄድ በክብ የተጫረ ነገር ብዙ ተከታታይ መረጃ ያጠፋል። አቋርጦ የሄደን ጭረት ግን ማሽኑ ራሱ ሞልቶ ያልፈዋል።

የጥርስ ሳሙናን በተመለከተ፦ አዎ፣ ይሠራል፤ አንዳንዴ። ቀላል ጭረትን ያለሰልሳል። ግን ፕላስቲኩን እየፋቃችሁ መሆኑን አትርሱ። ሌላ ምንም ላልቀረለት ሲዲ ብቻ። እናቴ ዕቃ የምታጥብበትን ሻካራ ስፖንጅ የተጠቀመ ጓደኛዬ ግን ከጨዋታው ጋር ለዘላለም ተለያየ።

አንድ የማይድን ነገር አለ። በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከላይ፣ ከሥዕሉ ሥር ነው። ሥዕሉ ያለበት ወገን ተጭሮ ብርሃን ካሳለፈ ጨዋታው የለም። ዲቪዲ ግን ሁለት ስስ ሳህን ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ መረጃው መሃል ላይ ነው፤ ከላይ ትንሽ ቢጫር ይችላል።

ማጽዳት

የሌንስ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጥ ብሩሽ ያለው ሲዲ አለ። አልወደውም። በፍጥነት የሚዞር ብሩሽ በቀጭን ምንጭ ላይ የተንጠለጠለን ዓይን ሲመታ ይታያችሁ።

ቀጭኗን ለማጽዳት መፍታት የለም። ክዳኑን ስትከፍቱ ሌንሱ ፊት ለፊታችሁ ነው። ወፍራሙ ግን መፈታት አለበት፤ ከሥር ያሉት ብሎኖች፣ የላይኛው ሽፋን፣ ከዚያ የድራይቩ ክዳን። አቅሉን ላልሳተ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ እንደፈታችሁበት ቅደም ተከተል ደርድሯቸው።

የጆሮ ጥጥ በአልኮል ነከር አድርጋችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ዓይኗን ሳትጫኑ በቀስታ ዞር ዞር። ከዚያ በደረቅ ጥጥ። የሚመረጠው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃው ይበዛል፤ ሲደርቅ ምልክት ከተወ በደረቅ ጥጥ ድገሙት። ሽቶ አይሆንም። አረቄም አይሆንም፤ ሲደረግ አይቼ ነው የምናገረው።

እዚያው እያላችሁ ሐዲዱን እዩት። አሮጌው ግሪስ ጠቁሮና ደርቆ ከሆነ በጥጥ ጥረጉና ለፕላስቲክ የሚሆን ነጭ ግሪስ በትንሹ ቀቡ። በትንሹ ነው ያልኩት። የመኪናም የስፌት መኪናም ዘይት አይደለም፤ ዘይት ይሮጣል፣ ሌንሱ ላይ ይደርሳል።

በእኔ እምነት ከዚህ በፊት ሌንስ መግዛት የለም። ይህን ሁሉ ለማድረግ የምታወጡት የአልኮልና የጥጥ ዋጋ ነው። ማሽኑ ሲገለበጥ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ መዳን ያለበት እዚህ ነው።

የምትዞረው ብሎን

ሌንሱ ጎን ላይ ብሎን የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ወደ ሌንሱ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥኑ ናቸው። በወፍራሙ አንዱ ለሲዲ፣ አንዱ ለዲቪዲ። ትንሽ ሲዞሩ ብርሃኑ ይበረታል፤ የደከመ ሌንስ እንደ ወጣት ያነባል።

ስለዚህ ጉዳይ ቂም አለኝ። 50000 ቤት የሆነችውን ማሽኔን አንድ ጥገና ቤት ሰጠሁ። «ሌንሱን አስተካክለነዋል» ተባልኩ። ከፈልኩ። ያላነበበችው ሲዲ አልነበረም፤ ያን ሳምንት ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ አስጫወትኩ። ሦስት ሳምንት ቆይታ ቀጥ አለች። ስከፍታት ብሎኗ እስከ ጥግ ዞራለች። ያደረጉት የሚጠፋ ሻማ ላይ ሰም እንዳለ ማፍሰስ ነበር።

ይህ መንገድ ሐሰት አይደለም። ይሠራል። ግን ሌንሱን ከቀረው ዕድሜ እየተበደራችሁ ነው። ማድረጋችሁ ካልቀረ መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ቴስተር ካላችሁ የነበረውን ኦም (የኤሌክትሪክ መከላከያውን መጠን) ለክታችሁ ጻፉ፤ ከዚያ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ የምትሄደውን ያህል ትንሽ ብቻ አዙሩ። ኦሙ ሲቀንስ ኃይሉ ይጨምራል። የምመክረው ለሁለት ሰው ነው፦ ለሚቀጥለው ወር የሚሆን ጊዜ ብቻ ለሚፈልግና ሌንሱን ለመጣል አስቀድሞ ለወሰነ።

ከዚህች ጋር የምትምታታ አንዲት ነጭ ጥርስ በወፍራሙ ውስጥ አለች። እሷ ኃይል አይደለም የምትቀይረው፤ የሌንሱን ከፍታና ዘንበል ማለት ነው። ማሽኑ ወድቆ ወይም ተመትቶ ከሆነ እሷን ነካ ማድረግ ያዋጣል። አሁንም ምልክት ሳታደርጉ አትንኳት። የጀመረችበትን ቦታ ያጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል።

አዲስ ሌንስ

ሌንሱ በእርግጥ ከሞተ፣ ማለትም ጸድቶ፣ ሐዲዱ ተቀብቶ፣ ኦሪጅናሉንም እምቢ ካለ፣ መቀየር ትክክለኛው ጥገና ነው። ማሽኑን ወደ ተፈጥሮው ይመልሰዋል። የፕሌይስቴሽን 1 ሲዲ ሳይቀር ያነባል።

ችግሩ የትኛውን ነው። በብዙዎቹ ወፍራም ሞዴሎች ውስጥ ያለው ኬኤችኤስ-400 የሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ኬኤችኤስ-400ሲ በብዛት የሚገኘው ነው። በአንዳንድ 50000 ቤቶች ግን ኤችዲ7 የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በብዙ ቀጭኖች ውስጥ ደግሞ ፒቪአር-802ደብሊው ነው። ስለዚህ በሞዴል ቁጥር ብቻ አትግዙ። ክፈቱ፣ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውን ይዛችሁ ውጡ።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ «አዲስ» ተብሎ የሚሰጣችሁን አገላብጣችሁ እዩ። ሶኒ ማምረት ካቆመ ስንት ዓመቱ! ከቆዩ ማሽኖች ወጥቶ የታደሰ ሌንስ በብዛት ነው የሚዞረው። ታደሰ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። ግን ያቺ የኃይል ብሎን ተነካክታ ከሆነ፣ ጥርሱ ከተበላ ወይም ግሪሱ ከጠቆረ ተዉት። ዋስትና ጠይቁ። «አስገብተን እናሳይህ» የሚል ሻጭ ከማይል ይሻላል፤ የሁለቱንም ዓይነት ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ።

አንዲት ወሳኝ ነገር፦ አዲስ ሌንስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማይታይ ኤሌክትሪክ እንዲጠበቅ ሁለት ነጥብ በብየዳ ጠብታ ተያይዞ ነው። ያቺ ጠብታ ካልተነሳች ሌንሱ አይበራም። ይህን ያላወቀ ሰው ገጥሞ፣ ሞክሮ፣ «ፎርጅድ ሸጠውልኛል» ብሎ ይጣላል። ጠብታዋ መነሳት ያለባት ገመዱ ከተሰካ በኋላ ነው። ካውያ የማትይዙ ከሆነ ይህን ክፍል ለባለሙያ ስጡት።

ሲዲውን ትቶ መሄድ

አሁን ወደምወደው ደረስን።

ፍሪ ማክቡት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጫናል። ማሽኑ ሲበራ ከካርዱ ራሱ ይነሳል። ቺፕ የለም፣ መፍታት የለም፣ ሌንሱ ቢሞትም ግድ የለውም። ከሱ ላይ ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር፣ በአጭሩ ኦፒኤል፣ ይከፈታል። ኦፒኤል ጨዋታውን በሲዲ ፈንታ ከፍላሽ፣ ከሃርድ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ያነባል። የሰፈራችን ጌም ቤቶችም ሲዲ ይዘው መሮጥ ያቆሙት በዚሁ መንገድ ነው።

ካርዱን ለማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ሌላ የሚሠራ ማሽን ያስፈልጋል። ካርድ ያለው ጓደኛ ካለ የናንተን ካርድ ይዛችሁ ሄዳችሁ ማስጫን ነው፤ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ከሌለ ተጭኖበት የሚሸጥ አለ። ርካሽ ካርዶች አንዳንዶቹ ማጂክጌት የሚባለውን የሶኒ መቆለፊያ ስለማይደግፉ አይሆኑም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሌንስ ከማስያዝ ካርድ ማስያዝ ይሻላል። ካርድ ሻንጣ ውስጥ ቢገላበጥ አይሞትም።

እዚህ ላይ ያ የጻፋችሁት ቁጥር ይመጣል። ፍሪ ማክቡት በአብዛኞቹ ሞዴሎች ይሠራል። በ9 የሚጀምሩት ቀጭኖች ግን ከ2008 መጨረሻ ገደማ በኋላ ከተሠሩ በሩ ተዘግቶባቸዋል። ለነሱ ኦፕን ቱና የሚባል ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም በሜሞሪ ካርድ ነው፣ ግን በበራ ቁጥር ወደ ካርዱ ማያ ገብታችሁ ማስነሳት አለባችሁ። ትንሽ ይሰለቻል እንጂ ይሠራል። በ2020 የወጣ ፍሪ ዲቪዲ ቡት የሚባልም አለ። እሱ ግን ዲቪዲ ላይ ተቀድቶ ነው የሚሠራው፤ ሌንሱ ለሞተበት ሰው ለራበው የእንጀራ ፎቶ እንደ ማሳየት ነው። ዲቪዲውን ለማንበብ አቅም ለቀረው ማሽን ግን ሜሞሪ ካርዱን ለማዘጋጀት ይጠቅማል።

ታዲያ ጨዋታው የት ይቀመጥ?

ፍላሽ ቀላሉ ነው። ግን ፍጥነቱን እወቁት። የዚህ ማሽን ዩኤስቢ የጥንቱ 1.1 ነው፤ በሰከንድ 12 ሜጋቢት፣ በወረቀት ላይ 1.5 ሜጋባይት ገደማ። የራሱ የዲቪዲ ድራይቭ እኮ 5 ሜጋባይት ያልፋል! ስለዚህ ውድ ፍላሽ መግዛት አያፈጥነውም። ካልቾዎቹ አብዛኞቹ ይሄዳሉ፤ ፊፋ 14 እና ፔስ 2014 ሳይቀሩ። ሁለቱም በ2013 ለዚህ ማሽን የወጡ ናቸው። በጨዋታ መሃል ፊልም የሚያሳዩ ግን ይንተባተባሉ። ድምፁ ይቀድማል፣ ሥዕሉ ይከተላል።

በፋት32፣ ማለትም በቆየው የፋይል አደረጃጀት፣ የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። እንደ ጎድ ኦፍ ዋር 2 ያሉ በባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ የወጡ ጨዋታዎች ደግሞ ያልፉታል። የቆየ ኦፒኤል ከሆነ ፋይሉን በፕሮግራም መቆራረጥ ግድ ነው፤ አዳዲሶቹ ኤክስፋት የሚባለውን አዲሱን አደረጃጀት ስለሚቀበሉ ይህ ጣጣ ቀርቷል። ሌላው፣ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ተበታትኖ ከተቀመጠ ኦፒኤል ላይከፍተው ይችላል። መድኃኒቱ ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ጨዋታዎቹን ተራ በተራ መገልበጥ ነው። እያጠፉ እየጨመሩ መኖር አይሆንለትም።

ወፍራሙ ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። የኔትወርክ አዳፕተሩን ካገኛችሁ ሃርድ ዲስክ ከኋላው ይገባል። ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው። የሶኒው አዳፕተር አይዲኢ በሚባለው የድሮ መሰኪያ የሚገባውን ሃርድ ዲስክ ነው የሚቀበለው፤ ሳታ የሚባለውን አዲሱን መሰኪያ የሚቀበሉ የሌሎች ሥሪቶችም አሉ። ችግሩ ከማሽኑ ይልቅ አዳፕተሩ ብርቅ መሆኑ ነው። አንድ ሰው የማይሠራ ወፍራም ሊጥል ሲል ካያችሁ ከኋላው ያለውን አዳፕተር ፈትታችሁ ውሰዱ።

ቀጭኗ የኔትወርክ ቀዳዳ ከነተፈጥሮዋ አላት። ኮምፒውተር አጠገቧ ካለ በገመድ አገናኝቶ ጨዋታውን ከዚያ ማጫወት ይቻላል፤ ከፍላሽ ይፈጥናል። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ግን ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን የቆየ የፋይል ማጋሪያ አሠራር ዘግተው ነው የሚመጡት፤ ኦፒኤል የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። ከፍቶ መተው ለኮምፒውተሩ ደህንነት ጥሩ አይደለም፤ ስትጨርሱ ዝጉት። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ኤስዲ ካርድ ተቀብሎ ሜሞሪ ካርድ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ኤምኤክስ4ኤስአይኦ ይሞክር፤ ከፍላሽ ትንሽ ይሻላል።

ጨዋታውን ከራሳችሁ ኦሪጅናል በኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ መቅዳት ትችላላችሁ። ማሽኑ እምቢ ያለውን ሲዲ የኮምፒውተሩ ድራይቭ ብዙ ጊዜ ያነበዋል። እኔ ሁለት የተጫሩ ጨዋታዎቼን ያተረፍኩት እንዲህ ነው። ጠዋት ጀምሬ እስከ ማታ ፈጀብኝ፣ ግን ተረፉ።

ይህ መንገድ የማይሆነው ለማን ነው? በፕሌይስቴሽን 1 ሲዲዎች ለሚኖር ሰው። ፖፕስታርተር የሚባል ማጫወቻ አለ፤ ግን ሁሉንም ጨዋታ እኩል አይችልም። ኦሪጅናል ሲዲ ለሚሰበስብ፣ ሳጥኑን ከፍቶ ሲዲውን በጣቱ ይዞ ማስገባት ለሚናፍቅ ሰውም አይሆንም። እንዲህ ያለ ሰው ሌንስ ይቀይር፤ ፍላሽ አያጠግበውም። ለቀረው ግን፣ ቅዳሜ ማታ ከወንድሞቹ ጋር ካልቾ ለሚጫወት፣ ካርድና ፍላሽ ከሌንስ ይቀድማል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ደግሞም ሌንሱ ገና እያነበበ ካለም ካርዱን ዛሬ አዘጋጁ።

ሌላ ማሽን መግዛት

ደህና ኮምፒውተር ያለው ፒሲኤስኤክስ2 የሚባለውን ማስመሰያ መጠቀም ይችላል፤ ሥዕሉ ከማሽኑም ይጠራል። ከራሳችሁ ማሽን የተቀዳ ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። ደካማ ላፕቶፕ ላይ ግን ኳሱ እንደ ማር ነው የሚንከባለለው። ከዚህ በላይ አልልም፤ ይህን የሚችል ኮምፒውተር ያለው ሰው አዲስ ጨዋታ መጫወቱ አይቀርም።

ያገለገለ ማሽን ልግዛ ካላችሁ እኔ ብሆን በ7 የሚጀምር ቀጭን እመርጣለሁ፤ ሌንሱ እጅ ይደርሳል፣ ፍሪ ማክቡት ይቀበላል፣ የኔትወርክ ቀዳዳ አለው። ወፍራም ከአዳፕተሩ ጋር ከተገኘ ግን እሱን አልለቅም። በ9 የሚጀምረውን የምገዛው ዋጋው በጣም ከረከሰ ብቻ ነው።

ስትሄዱ ሲዲ የራሳችሁን ያዙ፤ የሻጩን ሲዲ አትመኑ፣ ማሽኑ የለመደው እሱን ነው። መጀመሪያ ሰማያዊውን አስገቡ፣ ከዚያ ብርማውን፣ ካላችሁ ባለ ሁለት ንብርብሩን። ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ሞክሩት። ሻጩ «እንዲህ ይሻለዋል» ብሎ በጎኑ ሊያቆመው ከተነሳ ዋጋ ቀንሱ። አንድ ሙሉ ጨዋታ ተጫወቱበት፤ ሲሞቅ የሚያቆም ሌንስ በአምስት ደቂቃ አይታወቅም። ጆይስቲኩንም በዚያው ታዩታላችሁ። ስትጨርሱ ሲዲውን አውጡና ሥሩን በብርሃን ተመልከቱ። ሲገባ ያልነበረ ክብ ጭረት ካለ ማሽኑን መልሱለትና ጨዋታችሁን ይዛችሁ ውጡ።